ላልመጡ ሰዎች የተፈረመ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም.፣ የካቲት በገባ በሁለተኛው እሑድ፣ ከካናዳዋ ካልጋሪ ከተማ በስተምሥራቅ ያለው ሜዳ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ለብሶ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ደርሶ ነበር፤ ፒገን ትሬል ከሚባለው አውራ ጎዳና ተገንጥሎ ወደ ሐርትዌል ማረሚያ ቤት በሚወስደው መንገድም አንዲት አሮጌ ቫን ሦስት ሰዎች ጭና ቀስ እያለች ትጓዝ ነበር። መሪውን የያዙት በኤሪን ውድስ ሰፈር አዳራሽ ተከራይታ የምታመልክ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ፣ ፓስተር ነቢዩ ነበሩ፤ ከኋላ አንዲት ዘማሪ፣ ከጎናቸው ደግሞ የእስር ቤት አገልግሎት ኃላፊዋ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ፈትለወርቅ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ሲሆኑ፣ ቤታቸው ዶቨር ሰፈር፣ እንጀራቸው በአረጋውያን መጦሪያ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበረ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ውሏቸው ከእስረኞች ጋር ነበር።

በሩ ላይ የተቀበላቸው ብሩህ የሚባል ወጣት ጠባቂ ነው። ካልጋሪ ተወልዶ ያደገ የሐበሻ ልጅ ስለሆነ፣ የማረሚያ ቤቱን ደንብ ልብስ ለብሶም ቢሆን ለእኚህ ሴት እጅ ሳይነሣ አያልፍም።

«እትዬ፣ ሶሪ፣ ዛሬም ሎክዳውን ነው። ስታፍ የለም። ፍሎሩ ላይ ለስልሳ ስምንት ሰው አንድ ጠባቂ ብቻ ነው ያለው፤ በር መክፈት አንችልም።»

«ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ ብለኸን ነበር እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ፎርሙን ሳይን አድርገው ይሂዱ ተብሏል። ከቢሮ ነው የመጣው።»

ወይዘሮ ፈትለወርቅም ጓንታቸውን አውልቀው ፈረሙ፤ ቀጥሎም ሺፍት ላልለቀቃት እኅት ፈረሙ፤ ልጇ ለታመመባት ፈረሙ፤ እንዲህ እያሉ ሦስት ሆነው መጥተው የዘጠኝ ሰው ፊርማ ሞሉ። ይህን ሲያደርጉ ክፋት በልባቸው አልነበረም። ሦስት እሑድ የቀረ በጎ ፈቃደኛ የመግቢያ ባጁን ይነጠቃል፤ አዲስ ለማውጣት ስድስት ወር ይፈጃል፤ በዕድር ስብሰባ ስሙ ሲጠራ ያልመጣውን ጎረቤት «አለ፣ እየመጣ ነው» ብሎ ማዳን የለመደ ሕዝብ ደግሞ፣ የእኅቱን ስም ባዶ ትቶ መሄድ ጭካኔ ይመስለዋል። ፈርመው ሲጨርሱ «ጌታ ይባርካችሁ፣ ስላሰባችሁልን» ብለው አመስግነው ተመለሱ። ማንን እንዳመሰገኑ ቢያውቁ ኖሮ እጃቸው ይቆረጥ ነበር እንጂ ያን ብዕር አያነሡም ነበር።

ዘመኑ የነዳጅ ዋጋ ወድቆ፣ ብዙ መሥሪያ ቤት በለቀቀ ሰው ቦታ ሌላ መቅጠር ያቆመበት ዘመን ነበረ። በሐርትዌል ቀድሞ ሁለት የሱስ አማካሪዎችና ከእስር የሚወጡትን የምታዘጋጅ አንዲት ሠራተኛ ነበሩ፤ አንደኛው ጡረታ ወጣ፤ ሁለተኛው ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ ሴቲቱም ወሊድ ወጥታ አልተመለሰችም፤ በአንዳቸውም ወንበር ላይ ሰው አልተቀመጠም። ለእነዚህ አገልግሎቶች የተመደበው በጀት ግን በየዓመቱ ይመጣ ነበር፤ በጀት የሚመጣውም አገልግሎቱ መሰጠቱን የሚያሳይ ወረቀት ሲኖር ነው። የማረሚያ ቤቱ ምክትል ዳይሬክተር ሚስተር ካልደር፣ ንጹሕ ሸሚዝና ለስላሳ አንደበት ያላቸው ሰው፣ ያን ወረቀት የት እንደሚያገኙት አወቁ። የጠያቂዎችን መዝገብ አንሥተው በምትኩ ሰፋፊ ዓምዶች ያሉት ቅጽ አስቀመጡ፤ ከስሞቹ በላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንድም ሰው አላነበበውም።

በዚያው ወር በመጨረሻው እሑድ፣ ጉባኤው ተበትኖ ወንበር ሲታጠፍ፣ ናሆሚ ወይዘሮ ፈትለወርቅን ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። ናሆሚ ከካስልሪጅ የምትመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ወንድሟ ኖኅ ፈንታኒል በሚባል አደገኛ ዕፅ ሱስ ተይዞ፣ ለሱሱ ሲል ሰርቆ፣ በሐርትዌል ከታሰረ ዓመት ሊሞላው ነው። ሚያዝያ አምስት ቀን ይፈታል፤ ከበሩ በቀጥታ ወደ ማገገሚያ ቤት እንዲገባም አልጋ ጠይቆ ነበር። ያለ አልጋ ቢወጣ የሚሄድበትን እናቱም እኅቱም ያውቁታል፤ ከመታሰሩ በፊት ሁለት ጊዜ በባቡር ጣቢያ ዕፁ በዝቶበት ወድቆ፣ ሁለቱንም ጊዜ ነፍሱን የመለሱለት መንገደኞች ነበሩ።

«እትዬ፣ የኖኅ ሌተር መጣ። ዲናይ አድርገውታል፤ አልጋ አይሰጠውም።»

«ምነው? ምን አጠፋ?»

«ኢት ሴይስ፣ ፕሮግራሙን ወስዷል። ሃያ ሁለት ሴሽን። ግን፣ ላይክ፣ ምንም አልተለወጠም ነው የሚሉት። ስለዚህ አልጋው ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«የምን ፕሮግራም ነው የወሰደው?»

«የሱስ ካውንስሊንግ።» ልጅቱ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን ቅጽ ገልጣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አሳረፈች። «እና እትዬ፣ አስተማሪው እርስዎ ነዎት ይላል። ስምዎት አለ።»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ መነጽራቸውን አደረጉ። በሩ ላይ የፈረሙት ያው ቅጽ ነው፤ ከስሞቹ በላይ በደቃቅ ፊደል «የሱስ ምክር የሰጡ» ይላል፤ ስማቸው አለ፤ ፊርማቸውም አለ። ከበታቻቸው የቀድሞ የአገልግሎት ባልደረባቸው የውዳሴ ስም በእርሳቸው እጅ ተፈርሞ አለ፤ ውዳሴ ኑሮዋን ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ኤድመንተን ካዞረች ሰባት ወሯ ነበር። በሎክዳውን ምክንያት ከበር የተመለሱባቸው እሑዶች ሁሉ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ትምህርት የተሰጠባቸው ሆነው ተቆጥረዋል። ከኖኅ ጋር በእውነት የተገናኙት አምስት ጊዜ ነበር፤ በአምስቱም መዝሙረ ዳዊት አንብበውለታል፤ በአራተኛው ልጁ እጃቸውን ይዞ እንደ ሕፃን አልቅሷል። ከዚህ በቀር ስለ ሱስ ሕክምና የሚያውቁት አንዳች ነገር አልነበረም።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት» አሉ።

«ኖ፣ እትዬ፣ እነሱ ናቸው።»

«እነሱ በእኔ እጅ ነው ያሰሩት።»

ይህን የሚሰማ ሰው ደሙ ካልፈላ የማን ደም ሊፈላ ነው! አማካሪ ነፍገውት ሲያበቁ፣ ያልሰጡትን ምክር አልሰማህም ብለው ፈረዱበት፤ የፍርዱንም ወረቀት የጻፉት ለእርሱ በሚጸልዩት ሰዎች ፊርማ ነበር።

እንደ አጋጣሚ ሆኖ በዚያው ሰሞን የክፍለ ሀገሩ መንግሥት የላከው የቁጥጥር ቡድን ወደ ሐርትዌል እንደሚመጣ ተሰማ፤ ቡድኑ ጠባቂዎች በሚገባው ቁጥር መኖራቸውንና ለታራሚዎች አገልግሎት የተመደበው በጀት ለተባለው ነገር መዋሉን ይመረምራል። ሚስተር ካልደርም የቤተ ክርስቲያንዋ ሰዎች ቀርበው ስለ በጎ ሥራቸው እንዲመሰክሩ በትሕትና ደብዳቤ ጋበዙ። ማክሰኞ መጋቢት አሥራ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ቫኗ ውስጥ፣ ፓስተር ነቢዩ መሪውን እንደያዙ ተናገሩ።

«እትዬ፣ ልከለክልዎት አይደለም። ግን እውነቱን ቢናገሩ በሩን ይዘጉብናል። ከእኛ ሌላ ጠያቂ የሌለው ስንት ሰው እዚያ እንዳለ ያውቃሉ። ደግሞ እኮ፣ የፈረሙት እርስዎ ነዎት፤ ካልደር ይከስዎታል።»

«ይክሰሰኝ፣ ፓስተር። ልጁ ሚያዝያ አምስት ቀን መንገድ ላይ ሊወጣ ነው። እኔ ባጄን አንገቴ ላይ አድርጌ ምን ብዬ ልጸልይለት?»

ፓስተሩም «እንግዲያው አብሬዎት እቀመጣለሁ» አሉ።

በዚያ ቀን ሐርትዌል ሌላ አገር መስሎ ነበር። ሌላ ጊዜ አንድ ጠባቂ ብቻ በሚገኝበት ፎቅ ላይ ስድስት ቆመዋል፤ ወለሉ ተወልውሏል፤ በሮች ተከፍተው እስረኞች ካርታ ይጫወታሉ። ብሩህ ሲያሳልፋቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁላችንንም ከዴይ ኦፍ፣ ከዕረፍታችን ጠርተውን ነው እትዬ፤ ኦቨርታይም። ነገ መጥተው ቢያዩ ብቻዬን ነኝ» አላቸው።

በስብሰባው ክፍል የቡድኑ ሰብሳቢ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሴት፣ ከሁለት ረዳቶች ጋር ተቀምጠዋል። ሚስተር ካልደር አንድ ወፍራም ፋይል ወደ ፊታቸው ገፋ አድርገው፣ ማረሚያ ቤቱ በዓመቱ ለአርባ ሦስት ታራሚዎች ከአንድ ሺህ ሰዓት በላይ የሱስ ምክር መስጠቱን፣ ይህም የሆነው በኢትዮጵያውያኑ ወገኖች ትጋት መሆኑን በለሰለሰ ቃል አስረዱ። ሰብሳቢዋም ወደ ወይዘሮ ፈትለወርቅ ዞረው ፈገግ በማለት «ስለ ፕሮግራሙ ይንገሩን» አሏቸው።

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ከመጦሪያ ቤቱ የማጠቢያ ክፍል በለቀሟት እንግሊዝኛ፣ ሳይቸኩሉ፣ እንዲህ ሲሉ መለሱ፤

«እመቤቴ፣ እኔ አማካሪ አይደለሁም፤ ልብስ አጣቢ ነኝ። ከእስረኞች ጋር እጸልያለሁ፤ ሌላ የማውቀው የለም። ይህ ፊርማ የእኔ ነው። ይህም የእኔ ነው። ይህች ውዳሴ ብዬ የፈረምኩላት ሴት ኤድመንተን ናት። እዚህ ላይ የተጻፈው ቀን ደግሞ ሠራተኛ የለም ተብለን ከበር የተመለስንበት ቀን ነው። ፕሮግራም የለም።»

ሚስተር ካልደር ፊታቸው ቀላ፤ ድምፃቸው ግን አልተለወጠም።

«እንግዲህ ለሌሎች ሰዎች በሐሰት መፈረምዎን በዚህ ሸንጎ ፊት እያመኑ ነው?»

«አዎን፣ ጌታዬ፣ አምኛለሁ። እርስዎስ?»

ሚስተር ካልደር ውሃ ቀዱ። ፓስተር ነቢዩ ሲጠየቁም የሴቲቱ ቃል እውነት መሆኑን፣ እርሳቸውም ሲፈረም እያዩ ዝም ማለታቸውን መሰከሩ። ሰብሳቢዋ ለረጅም ጊዜ ከጻፉ በኋላ ብዕራቸውን አስቀምጠው «የሚጠይቁት ነገር አለ?» አሏቸው።

«ኖኅ የሚባል ልጅ አለ። ፋይሉ ላይ ያለው ሃያ ሁለት ይሰረዝለት። አልጋውን ይስጡት። የሌሎቹም የአርባ ሁለቱ እንዲሁ።»

«እኛ የመጣነው አሠራሩን ለመመርመር እንጂ የያንዳንዱን ሰው ፋይል ለማየት አይደለም። ሆኖም ስለ አንዱ በጽሑፍ አቤቱታ ካለ፣ ለሚመለከተው አስተላልፋለሁ።»

አቤቱታ የነበረው ለአንዱ ብቻ ነበር፤ ደብዳቤ አንብባ የምትቆጣ እኅት የነበረችው ለእርሱ ብቻ ነውና። ናሆሚ ያዘጋጀችው ወረቀት በዚያው ዕለት ተሰጠ፤ በአሥረኛው ቀንም «ሃያ ሁለት» የሚለው ተሰርዞ «አገልግሎቱ አልተሰጠም» ተብሎ ተጻፈ። ሚያዝያ አምስት ቀን ኖኅ ከበሩ ወጥቶ በእኅቱ መኪና በቀጥታ ወደ ማገገሚያ ቤት ገባ። ወይዘሮ ፈትለወርቅ ሊቀበሉት አልሄዱም፤ ባጃቸው ተነጥቆ፣ ወደ ግቢው እንዳይቀርቡ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበር። የቤተ ክርስቲያኒቱም አገልግሎት ታገደ።

ዘገባው የወጣው መስከረም ሲገባ ነው። ናሆሚ በካስልሪጅ ቤታቸው ላፕቶፗን ከፍታ፣ ወይዘሮ ፈትለወርቅን ከጎኗ አስቀምጣ፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላቸው። የጠባቂዎች ቁጥር በጉብኝቱ ዕለት የተሟላ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። የአማካሪዎቹ ክፍት ቦታ በቀጣዩ የበጀት ዓመት እንዲታይ አሳስቧል። ሚስተር ካልደር በስማቸው አልተጠሩም፤ እርሳቸውማ ዘገባው ሳይወጣ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በከፍተኛ ማዕረግ ተዛውረው ነበር። በገጽ አርባ ሰባት ላይ ግን እንዲህ የሚል ተገኘ፤ «አንዲት በጎ ፈቃደኛ በቦታው ላልተገኙ ሰዎች መፈረሟን አምናለች፤ የበጎ ፈቃደኞች የሰነድ አያያዝ ጥብቅ ክትትል ያስፈልገዋል።»

«ዊ ካን አፒል፣ እትዬ፤ ይግባኝ እንበል። ይሄ አንፌር ነው!» አለች ናሆሚ፤ እንባዋ መጣ።

«ተዪው ልጄ፤ ፈርሜያለሁ፤ ውሸት አልጻፉም። ስለ አርባ ሁለቱ ሰዎችስ ምን ይላል?»

ናሆሚ ወደ ታች እያንሸራተተች እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለገች፤ ተመልሳም ከመጀመሪያው አየች።

«ምንም አይልም።»

የመንግሥት ሰነድ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ያን ዘገባ የፈለገ ሰው ዛሬም ሊያነበው ይችላል፤ የሚያገኘውም የአንዲት ልብስ አጣቢ ጥፋት ነው። ጥፋቷንም ያወቁት ራሷ ቀርባ ስለተናገረች ነው። ዘመኑን ለመጻፍ የሚነሣ ጸሐፊም ይህንኑ ይጠቅሳል፤ ሌላ የሚጠቅሰው አልተተወለትምና። አርባ ሁለቱ ሰዎች ያልወሰዱትን ትምህርት ወስደው ያልተለወጡ ተብለው፣ በየተራቸው፣ ያለ አልጋ፣ ከዚያ በር ወጥተዋል። ከእነርሱ ስንቱ ዛሬ በሕይወት እንዳለ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት የለም።