መኪናው ወይስ በሪሁን

ኛኬር ባሮ ወንዝ ዳር የደረቀ ዓሣ ሱቅ ነበራት፤ ኩራቷም ከቁመቷ አያንስም። ዘመኑ የደርግ ነው። ሒሳቡን በወጉ ያልያዘ ነጋዴ ሱቁ ይታሸግበታል። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ ነጋዴዎች ሒሳቧን ለበሪሁን ትሰጥ ነበር።

በሪሁን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከቢሮ ሲወጣ የነጋዴውን ሒሳብ ይሠራል። የእሷ ላይ ሲደርስ ግን ቁጥሩን ትቶ እሷን ያያል። እሷም ታየዋለች። እንዲህ ሲተያዩ ከርመው ሊጋቡ ቃል ተገባቡ።

ታዲያ እናቱ ሊጠይቁት ከአገር ቤት መጡ። ገበያ መሀል ከኛኬር ጋር ተገናኙ።

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ እናቱ።

በሪሁን አንገቱን ደፋ። «ደንበኛዬ ናት፤ ሒሳቧን እሠራላታለሁ።»

ወይ ጉድ! ኛኬር ደሟ ፈላ። በቀጥታ ሱሩር ዘንድ ሄደች። ሱሩር ሱቁን ዘግቶ ወደ ሱዳን ሊመለስ የተነሣ ነጋዴ ነው፤ በእጅ እየተዘወረ የሚደምር የሒሳብ መኪና ነበረው።

«በሪሁን እያለልሽ መኪና ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«መኪናው በእኔ አያፍርም። ሽጥልኝ፤ አሠራሩንም አሳየኝ።»

ደግሞ በዚህ መች በቃት! ሒሳባችሁን በርካሽ እሠራለሁ ብላ የበሪሁንን ደንበኞች አንድ በአንድ ነጠቀችው። ክረምቱ ሳይወጣ የበሪሁንን በር የሚያንኳኳ ነጋዴ ጠፋ። እሰይ፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ!

አንድ ቀን እናቱን አስከትሎ ሱቋ መጣ። ከስቷል።

«ምን ልታዘዝ፣ ጓድ በሪሁን?»

«በሞቴ ኛኬር፣ እንዲህ አትጥሪኝ።» ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ዋሽቼሻለሁ። የምወዳት እሷን ነው። ጎንደር ተዛውሬያለሁ፤ አብራኝ እንድትሄድ ልለምናት ነው የመጣሁት።»

እናቱ የኛኬርን እጅ ያዙ። «ልጄ፣ ስለ እኔ ብለሽ ይቅር በይው።»

ኛኬር አየችው። እንደ ድሮው ነው የሚያያት። ልቧ ራራ፤ ያኔ ገበያ መሀል የዋጠችው ውርደት ግን ገና ከጉሮሮዋ አልወረደም።

«ለእርስዎ ስል ይቅር ብዬዋለሁ፣ እናቴ» አለች። «አላገባውም።»

በሳምንቱ አውቶቡሱ በሱቋ በር ሲያልፍ በሪሁን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ስሟን ጠራ። ኛኬር የሒሳብ መኪናውን እየዘወረች ነበር። ቀና ብላ አላየችም። ካየችው እንደምትሳፈር ታውቃለች።