ማንም አያይሽም

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እናቷ የሱቁን በር ገፋ አድርጋ ከፈተች፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ ካውያውን ሰካች። ልጅቷ ከመጋረጃው ማዶ ደፉ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። በአንድ እጇ ዳቦ ይዛለች፤ በሌላው ስልኳን ትነካካለች። የፊተኛው ክፍል የልብስ ስፌት ሱቅ፣ የኋለኛው መኖሪያቸው ነው። ሁለቱን የሚለያቸው መጋረጃው ብቻ ነው።

እናቷ መቀሱን አንስታ ወሬ ጀመረች። ወሬው ከጨርቅ ጋር ነው። ሁልጊዜም እንዲሁ ናት፤ ጠረጴዛው ላይ የዘረጋችውን ጨርቅ ባለቤቱ እዚያ የተኛ ይመስል ታናግረዋለች፣ ትቆጣዋለች፣ ታባብለዋለች። «አንተ ሰውዬ፣ ባለፈው ከለካሁህ ወዲህ ምን እየበላህ ነው? እስቲ ሆድህን ሰብሰብ አድርግልኝ» አለችው ለአንድ ሱሪ። የልጅቷ አባት በሕይወት ሳለ ካውያውን እየገፋ በጨርቁ ፈንታ ይመልስላት ነበር። አሁን የሚመልስላት የለም፤ እሷ ግን አላቆመችም።

ልጅቷ ሳቅ አለች፤ ዓይኗ ግን ስልኳ ላይ፣ የተመልካቹ ቁጥር ላይ ነበር። አርባ አንድ ሺህ ስድስት መቶ። ሻይዋን አንድ ጊዜ ፉት ብላ እንደገና አየች። አርባ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሐሙስ ነው። ስልኳን በመጋረጃው ክፍተት አሹልካ እናቷን ቀረጸቻት። ፊቷ አይታይም። የሚታየው እጆቿ፣ መቀሱና ቀጭን ነጭ መስመር ያለው አረንጓዴ ጨርቅ ነው። እናቷ ጨርቁን እየዳበሰች ስታወራ ይሰማል፦ «አንቺ እኮ ምንም አይወጣልሽም። ይቺ ቀኝ ትከሻሽ ናት ያስቸገረችኝ። ምን ቢያሸክሟት ነው እንዲህ የወረደችው? ግድ የለም፣ እኔ አነሳልሻለሁ። ማንም አያይሽም።»

ስም አልተጠራ፣ ፊት አልታየ፤ ታዲያ ምን ችግር አለው ብላ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። እስከ ቅዳሜ ሰዎች ድምፁን እየወሰዱ የራሳቸው ቪዲዮ ላይ መለጠፍ ጀመሩ። አንዱ ያዘመመ የመብራት ምሰሶ ላይ አደረገው፣ አንዱ ጎማው የተነፈሰ መኪና ላይ፣ ሌላው አምስት ጎል ገብቶበት አንገቱን ደፍቶ ከሜዳ የሚወጣ በረኛ ላይ። «ማንም አያይሽም» እናቷን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች መቀለጃ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የልጅቷ እጅ ዕረፍት አጣ። ስታጠና ስልኳን፣ ስትበላ ስልኳን፤ ጥርሷን ስትቦርሽ እንኳ ስልኩ ቧንቧው አጠገብ ተገትሮ ነው። እናቷ የምታውቀው ነገር የለም። የእሷ ስልክ ቁልፎቹ የደበዘዙ፣ ከመደወልና ከመቀበል ሌላ የማይሆን ነው።

ትምህርት ቤት ልጅቷን የሚያውቃት ሁሉ «ስፒል» ነው የሚላት። ሰባተኛ ክፍል ሳለች ኮሌታዋ ላይ የተረሳ ስፒል ይዛ መጥታ፣ ልታቅፋት የመጣችውን ጓደኛዋን አገጯ ላይ ወግታት ነበር። ስሙን ያወጣችላት የተወጋችው ናት። እሷም በበኩሏ አፏ ስለማያርፍ «ራዲዮ» ትባላለች።

ሻይዋን ጠጥታ ትምህርት ቤት ስትደርስ ራዲዮ የግቢው በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት። ሁለተኛ ቪዲዮ ቶሎ ካልተለቀቀ ሰው እንደሚረሳት፣ ሃምሳ ሺህ ሳይገባ መዘናጋት እንደማያስፈልግ፣ እናቷ የአንዲት ወፈር ያለች ሴት ቀሚስ ስትሰፋ ብትቀረጽ ጉድ እንደሚፈላ እስከ ክፍሉ ደጃፍ ድረስ አስረዳቻት። ስፒል እሺም እምቢም ሳትል ደወሉ ተደወለ።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጂኦግራፊ ነበር። መምህርቷ አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሳ ገባች፤ አረንጓዴ፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለው።

ስፒል መጀመሪያ ያየችው ስፌቱን ነው። ሁለቱ ትከሻዎች እኩል ነበሩ። አምሮባታል ብላ አሰበች። ከዚያ ጨርቁን አወቀችው።

መምህርቷ ካርታውን ሰቅላ ወደ ሰሌዳው ዞረች። ከኋላ መደዳ አንዱ ልጅ ድምፁን አቅጥኖ፣ የስፒልን እናት አነጋገር ሳይስት፣ «ግድ የለም፣ እኔ አነሳልሻለሁ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ እንደተደገፈ ቆመ። የመምህርቷ ግራ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ትከሻዋ ሄደ፣ ጨርቁን ነካ፣ ተመልሶ ወረደ። ከዚያ መጻፏን ቀጠለች። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ወደ ተማሪዎቹ ፊቷን አላዞረችም።

በእረፍት ሰዓት ስፒልን አስጠራቻት። ኮቱን አውልቃ ክንዷ ላይ አንጠልጥላዋለች። በሸሚዝ ስትታይ ትከሻዋ በእርግጥም ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

«ቅዳሜ የእህቴ ልጅ አሳይታኝ ነበር» አለች። «ስቄያለሁ። ጨርቁን ልብ አላልኩትም።»

«ቲቸር፣ እኔ…» አለች ስፒል።

«እናትሽ ደብተር አላት አይደል? የእኔን ልኬት የጻፈችበትን ወረቀት ትላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ስፒል ሁሉንም ለራዲዮ ነገረቻት። ራዲዮ ለማሰብ ሩብ ደቂቃ አልፈጀባትም።

«እና ምን ያስጨንቅሻል? ወረቀቱን ራስሽ ቀደሽ ስጫት። እናትሽ በምን ታውቃለች?»

«ቪዲዮውስ?»

«ቪዲዮው ምን አደረገ? አርባ ሦስት ሺህ ገብቷል እኮ። ላሽ በይው ባክሽ፣ በሳምንት ይረሳል።»

ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። የልኬት ደብተሩ መደርደሪያው ላይ ነው። ወፍራም ነው፤ ለአንድ ደንበኛ አንድ ወረቀት። በየወረቀቱ ጥግ ከአንድ እስከ ሁለት መቶ በቀይ እስክሪብቶ ቁጥር የጻፈው አባቷ ነበር። ሕመሙ ከሥራ ባስቀረው ጊዜ፣ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብሎ በአንድ ከሰዓት የጨረሰው ሥራ ነው። ስፒል ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ መልሳ አነሳችው፣ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ደብተሩን አወረደችው።

የመምህርቷ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ነበር። ደረት፣ ወገብ፣ የእጅጌ ርዝመት። ከሥር በእናቷ ደቃቅ ጽሕፈት፣ ለራሷ ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «ቀኝ ትከሻ ሁለት ጣት ዝቅ ይላል። ገበሩ ሥር ስስ ስፖንጅ ይግባ። ስትለኪ ትከሻ የሚባል ነገር አታንሺባት። ከመግባቷ በፊት መስታወቱን አዙሪው።»

ስፒል ቀና ብላ የሱቁን መስታወት አየችው። አንዳንድ ደንበኛ ሊመጣ ሲል እናቷ ለምን ወደ ግድግዳው እንደምታዞረው ጠይቃት አታውቅም። ጣቶቿ የወረቀቱን ጥግ ይዘዋል። አንድ ጊዜ ሳብ ቢደረግ ያልቃል። ኪሷ ውስጥ ስልኩ ነዘረ፤ ቆሞ ደግሞ ነዘረ።

እናቷ ስትገባ ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ እንደተገለጠ ነበር። ወረቀቱም በቦታው ነበር።

«እማ፣ ቁጭ በይ። የማሳይሽ ነገር አለ።»

«ደግሞ ምን ሰበርሽ?»

«ቁጭ በይ እማ።»

እናቷ ስልኩን ክንዷን ዘርግታ ከዓይኗ አራቀችው። መጀመሪያ የገዛ እጆቿን አውቃ ፈገግ አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሰማች። ቪዲዮው አልቆ ከራሱ ጀመረ፣ ደግሞ አልቆ ጀመረ። ስፒል የመምህርቷን መልእክት አደረሰች። የኋላ መደዳውን ሳቅ ነገረቻት። ወረቀቱን ቀድዳ ልትሰጥ እንደነበርም አልደበቀችም።

«ይሄ ቁጥር ምንድን ነው?» አለች እናቷ።

«ያዩት ሰዎች ናቸው።»

እናቷ ቁጥሩን በአፏ ልታነብበው ሞክራ ተወችው። «እኔ እኮ ከአንዲት ሴት ጋር ነበር የማወራው» አለች።

ስፒል ቪዲዮውን እዚያው አጠፋችው። ስልኩ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት፤ አዎ የሚለውን ነካች። ሌሎች ወስደው የለጠፉትን ማጥፋት እንደማትችልም ነገረቻት። እናቷ አልተቆጣችም። ብትቆጣት ለስፒል ይሻላት ነበር።

እናቷ መቀሱን አነሳች። አውራ ጣቷ ቀዩ ቁጥር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወረቀቱን ከሥሩ ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ሹራቧን ደርባ ወጣች። ስፒል ተከተለቻት። የሄዱት ወደ መምህርቷ ቤት ነበር።

መምህርቷ በሩን ራሷ ከፈተች። እናቷ ይቅርታ የጠየቀችው ስለ ልጇ አልነበረም፤ ስለ ገዛ አፏ ነበር። እድሜዋን ሙሉ ለብቻዋ የምታወራ መስሏት እንደኖረች፣ ከእንግዲህ እንደማይደገም ተናገረች።

«እማ ምንም አላደረገችም» አለች ስፒል። «እኔ ነኝ። ነገ ክፍል ውስጥም እናገራለሁ።»

መምህርቷ ሁለቱንም በተራ አየቻቸው። ወረቀቱን ሳታነብ ለአራት አጥፋ ኪሷ ከተተችው። «ለክፍሉ ምንም አትበዪ» አለች። «እንደገና እንዲያዩኝ አልፈልግም።» በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ይህ ከሆነ ሁለት ሳምንት አለፈ። መምህርቷ በአሮጌ ጃኬቷ ታስተምራለች። የኋላ መደዳው በሌላ ነገር መሳቅ ጀምሯል። ራዲዮ ስለ ሁለተኛው ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ጠይቃ ተወችው። ስፒል አሁን ጠዋት ጠዋት ስልኳን አልጋው ላይ ትታ ወደ ፊተኛው ክፍል ትወጣለች፤ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። እጇ ገና አልለመደም፤ በየደቂቃው ባዶ ኪሷን ይዳብሳል። እናቷ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ትተኩሳለች። የሚሰማው የስፌት መኪናው ብቻ ነው።

«የማን ነው እማ?» አለች ዛሬ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደተዘረጋው ሰማያዊ ጨርቅ እያየች።

«የሰው ነው» አለች እናቷ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ አዲስ ደንበኛ ገባ። እናቷ ሜትሩን አንገቷ ላይ አድርጋ፣ ልኬቱን ስፒል እንድትጽፍ በዓይኗ ጠቆመቻት። ስፒል ቁልፉን አስቀምጣ ደብተሩን አወረደች፤ ያልተጻፈበት ወረቀት ፍለጋም ከመጀመሪያው ጀምራ ገለጠች። በየጥጉ የአባቷ ቀይ ቁጥር አለ። ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ሠላሳ ስምንት የለም።