ያልተለቀሰለት ባሕረኛ

ወንዳፍራሽ ባይሳን የሰደበው በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰበታ፣ በገዛ ግቢው በተተከለው ድንኳን ውስጥ ነው። ሰዓቱን ባይሳ እስኪሞት አይረሳውም! ልቅሶው የባይሳ እናት የወይዘሮ ጠጅቱ ነበር። ወንዳፍራሽ፣ የባይሳ እህት የላሊሴ ባል፣ ከቡራዩ በመጡ የመሥሪያ ቤት እንግዶቹ ፊት «ባሕር የሌለው ባሕረኛ!» ብሎ ሳቀበት። በልቅሶ ቤት የሚስቅ ምን ዓይነት ልብ ቢሆን ነው?

ባይሳና ታናሹ ኦዳ በደርግ ጊዜ በአንዲት የጦር ጭነት መርከብ ላይ አብረው አገልግለዋል። ታንክ፣ ጥይት፣ ዱቄትና ወታደር ጭና ከአሰብ ምጽዋ፣ ከምጽዋ ዳህላክ ስትመላለስ የኖረች መርከብ! ወደብ በሌለበት ጠረፍ ወታደሩን በጀልባ ታወርዳለች፤ ክሬኑን የሚያንቀሳቅሰው ባይሳ፣ ጀልባዋን የሚነዳው ኦዳ ነበር። በመጨረሻው ቀን፣ ምጽዋ በእሳት ስትነድ፣ ኦዳ ቁስለኞችን ሊያመጣ ጀልባው ውስጥ ገባ። ቆቡን ንፋስ እንዳይወስድበት ለወንድሙ ወረወረለትና «ቀስ አድርገህ አውርደኝ እንጂ፣ ዱቄት መሰልኩህ?» አለው። ቀስ አድርጎ አወረደው... ከዚያ ወዲያ አላየውም። መርከቧ ውጪ ተባለች፤ ቆስላ ባሕሩን ተሻገረች፤ በሰው አገር ተቆራርጣ ለብረት ተሸጠች። አገሩም ባሕር አልባ ሆኖ ቀረ። ለማን አቤት ይባላል?

ወይዘሮ ጠጅቱ ግን «ሬሳውን ሳላይ አላለቅስም» አሉ። መርዶ የሚያረዳም አልመጣም። ነጠላቸውን ሳያዘቀዝቁ፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ እያሉ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቁ። ትንፋሻቸው ሲያጥር የባይሳን እጅ ያዙ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ... አሁንስ ደከመኝ። ከእኔ ጋር አልቅሱለት።»

ባይሳ ያን ነጭ ቆብ ከእናቱ ፎቶ አጠገብ ያስቀመጠው ለዚህ ነበር። ሴቶቹ ደረት ሊደቁ ሲሉ ወንዳፍራሽ ቆቡን አነሳው።

«ኦቦ ባይሳ፣ ደግሞ ጀመረህ! ምን መርከብ አለ እዚህ? አዋሽ ላይ ነው የዘመትከው? ባሕር የሌለው ባሕረኛ! እኛ የጠራነው የአንድ ሰው ልቅሶ ነው!»

እንግዶቹ አፋቸውን በጋቢ ሸፈኑ። ላሊሴ አቀረቀረች።

አይ ዕጣ! ልጁን ባሕር ሬሳ ሳያስቀር ወሰደው፤ የቀረችለትን እንባ ደግሞ አማች ይንፈገው?

ባይሳ ቆቡን ከአማቹ እጅ ተቀብሎ አቧራውን አራገፈ። በእህቱ ጭን ላይ አኖረውና ከድንኳኑ ወጣ። በሩ ጋ ሳይደርስ የላሊሴ ድምፅ ከኋላው ተሰነጠቀ።

«ኦዳ! ኦዳ ወንድሜ! ማን ቀበረህ?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ድንኳኑ ተናወጠ።

«ባይሳ!» ብሎ ጮኸ ወንዳፍራሽ፣ «ና እህትህን ዝም አሰኛት እንጂ!»

ባይሳ የግቢውን በር አልፎ ወጣ። እንባው እየወረደ በጅማ መንገድ ሄደ።