የሰባተኛው ክፍል አየር

ጥራት ተቆጣጣሪው በመጋዘኑ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ ከፍሬ ሣጥኖቹ መካከል በጀርባው ተንጋሎ ነበር። ፊቱ ላይ ጭረት የለም፤ ልብሱ አልተቀደደም። ቀኝ እጁ አንድ ቀይ አፕል እንደጨበጠ ቀርቷል። ፍሬ በጣቱ የሚጫን ሰው ሲያይ ስለሚቆጣ ሠራተኛው ሁሉ «አትንኩት» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለት ነበር። አሁን እሱን ራሱን የሚነካ ጠፍቶ፣ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ተንበረከከች። ብዙ አስከሬን አይታለች፤ ያስጨነቃት ግን የሚስቱ ፊት ነው። የመጋዘኑ ዕቃ ጠባቂ ናት። በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ፣ ሳታለቅስ፣ «ቁርስ ሳይበላ ነው የወጣው» ትላለች። ደግማ ደጋግማ ይህንኑ ብቻ።

አስከሬኑን ያገኙት የሚስቱ አባት፣ የአምራቾቹ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ አባት።»

«ምን እነግርሻለሁ፣ ልጄ! ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሲገባ አየሁት። በሩ በራሱ ነው የሚዘጋው። አምስት ደቂቃ ጠብቄ፣ ሲዘገይብኝ ከፍቼ ገባሁ። ስሙን እየጠራሁ፣ እየጮህኩ አገላበጥኩት። ምን ዋጋ አለው።»

«የሚጠላው ሰው ነበር?»

«ማሽነኛውን ጠይቂው። የአየር መለኪያው ያለው በሱ እጅ ነው።»

ማሽነኛው ገና ሳይጠየቅ ላብ አጥምቆታል።

«ፍሬው ለወራት እንዳይበላሽ ከክፍሉ ኦክስጅን እናወጣለን» አለ። «እዚያ ውስጥ አንድ ሁለቴ ቢተነፍሱ፣ በሦስተኛው ወለሉ ላይ ነዎት። መጮህ እንኳ አይችሉም።»

«ታዲያ ሃያ ዓመት የሠራበት ሰው እንዴት ገባ?»

«መለኪያውን አይቶ ነዋ! ደጅ ያለው አየር ኦክስጅኑ ሃያ አንድ በመቶ ነው። ሃያ አንድ ካላነበበ እግሩን አያነሳም።»

«በሩ ሲከፈትስ፣ ንጹሕ አየር ለመግባት ስንት ይፈጃል?»

«ማራገቢያው እየሠራም ከግማሽ ሰዓት በላይ።»

መለኪያውን አስከፈተችው። የክፍሉን አየር የሚስበው ቀጭን ቱቦ ከቀዳዳው ተነቅሎ ከሽፋኑ ጀርባ ተንጠልጥሏል። መለኪያው ሲያነብ የኖረው የኮሪደሩን አየር ነው። የመለኪያው ማህደር ሰዓቱን ይዟል፤ ቁጥሩ ከሁለት ተነስቶ ሃያ አንድ ላይ የተተከለው ትናንት ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነበር።

«ያን ጊዜ ከተማ መለዋወጫ ፍለጋ ሄጄ ነበር» አለ ማሽነኛው። ደውላ አጣራች፤ እውነቱን ነው።

ቀጥላ የማኅበሩን ፍሬ የሚሸጠውን የኦንላይን ገበያ ተወካይ ጠራች። ወጣት ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ትናንት ከሟቹ ጋር ተጯጩሃችኋል አሉኝ።»

«መጀመሪያ ላይ፣ አዎ።»

«በምን ምክንያት?»

«አለቆቼን አስፈቅጄ ልንገርዎት። መልሳቸውን እየጠበቅኩ ነው።»

«አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ከሚስቱ ጋር። ለገጻችን የፍሬ ፎቶ እያነሳን ነበር፤ ይኸው ሰዓቱ ስልኬ ላይ አለ።»

እኩለ ቀን ላይ አራቱንም በማሸጊያው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ፍሬ የሚደረድረው ማሽን ቆሟል።

«‹አትንኩት› ጥንቁቅ ሰው ነበር» ብላ ጀመረች። «የገደለው ጥንቃቄው ነው፤ መለኪያውን አመነ። ቱቦውን የነቀለው ሰው ይህን ልማዱን ያውቃል። አሥር ሰዓት ላይ ማሽነኛው ከተማ ነው። ሁለቱ ሴቶች አብረው ናቸው። እርስዎስ፣ አባት?»

«እኔማ እርሻ ላይ ነበርኩ። ብቻዬን።»

«ብቻዎን መሆን ወንጀል አይደለም። ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከፍቼ ገባሁ፣ ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ ብለውኛል። ያ እውነት ቢሆን አጠገቡ ወድቀው ባገኘንዎት። ቆመው የጮሁት አየሩ እስኪገባ ደጅ ስለጠበቁ ነው። መለኪያው ሃያ አንድ እያለ ለምን ጠበቁ? የመለኪያውን ውሸት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የነቀለው።»

ሽማግሌው ገነፈሉ።

«አርባ አባወራ እኔን እያየ ነው የሚያድረው! አዲሱን ምርት በረዶ ጨረሰው። የቀረን ይሄ ስምንት ወር የተቀመጠ አፕል ነው። ‹ዛሬ የተለቀመ› ብለን ባንለጥፍ ማን ይቀበለናል? ተው አልኩት፣ ለመንኩት። ለገበያው ሰዎች እናገራለሁ አለ። ትናንት፣ ነገ ጠዋት ከሰባተኛው ክፍል ናሙና እወስዳለሁ ሲለኝ…» አልጨረሱትም።

ተወካይዋ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ተነሳች።

«አባባ፣ ነግሮኝ ነበር እኮ። ትናንት። ተጯጯህን፣ ከዚያ ተስማማን። ከመጋዘን የወጣ መሆኑን በግልጽ ጽፈን፣ ለጭማቂና ለማርማላታ ልንሸጥላችሁ ነበር። አለቆቼ ይኸው አሁን ፈቀዱ። ናሙናውን ሊወስድ የገባው ለኔ ነው። እስኪረጋገጥ ዝም እንበል አለኝ፤ ካልተሳካ የገበሬዎቹ ተስፋ እንዳይሰበር ብሎ።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ሊራመዱ ሲሉ ተደናቀፉ። ማሽነኛው ደግፎ ያዛቸው፤ ወዲያው የያዘውን እንዳስተዋለ ሰው ለቀቃቸው። ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ» አሉ፣ «ላንቺም ብዬ…»

«በኔ ስም አትበል፣ አባዬ። እባክህ በኔ ስም አትበል።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወጡ ዞር ብላ አላየችም። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻዋን ዘግታ አጠገቧ ቆመች፤ ትከሻዋን ያዘቻት። ያን ጊዜ ነው ሴቲቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ያለችው።

«ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣልኝ አባዬ ነው» አለች። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩ ጋ ቆመው ይጠብቁታል። ማንን ልላክ? ምንስ ብሎ ይንገራቸው?»

ኢንስፔክተሯ የመኪናዋን ቁልፍ አወጣች።

«ተነሺ፣ አብረን እንሄዳለን» አለቻት። «መንገድ ላይ እናስብበታለን።»