የምትሸሸው የበረዶ ቅንጣት

አርቪድ ኒኩዊስት በአሜሪካዋ ዱሉዝ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው፣ ወንበራቸው ላይ ሁለት ካፖርት ደርበው ሞተው ተገኙ። የቤቱ ማሞቂያ እሑድ፣ በበረዶ ውሽንፍር መሃል ጠፍቶ ነበር። ታብሌታቸው ጭናቸው ላይ፣ ስልካቸው ክንዳቸው ሥር ተቀምጧል። ስልኩ ይሠራል። ታዲያ ጠጋኝ ሳይጠሩ ለምን በብርድ ሞቱ?

የአሟሟት መርማሪዋ ማሪት ሶልሃይም ይህን ጥያቄ ይዛ ማሞቂያቸውን ወደሚጠግነው ድርጅት ሄደች። ስልክ ተቀባይዋ ሮንዳ በለቅሶ ብዛት ዓይኗ አብጧል።

«እሑድ ሙሉ ቀን ከስልኩ አጠገብ አልተነሣሁም» አለች። «እሳቸው አልደወሉም። ልጃቸው ሊኒያ ግን ‹ስልክ ሳታነሺ አባቴን ገደልሽው› እያለች ነው። ድርጅቱም ሊያባርረኝ ነው።»

«ቁጥራችሁን ከየት ያገኙታል?»

«የድሮው ተቀይሯል። አዲሱ ያለው ድረ ገጹ ላይ ነው።»

ማሪት ገጹን ከፈተች። ሙዚቃ ጮኸ፤ የድርጅቱ አርማ ግማሹን ገጽ ያዘው፤ ስክሪኑ ላይ በረዶ መዝነብ ጀመረ። ቁጥር ግን የለም። ሮንዳ እያፈረች አሳየቻት፤ ከሚወርዱት ቅንጣቶች አንዷ ሰማያዊ ናት፣ ቁጥሩ የሚገኘው እሷን ሲነኩ ነው። ማሪት ጣቷን ስታስጠጋ ቅንጣቷ ሸሸች።

የድርጅቱ ባለቤት ድዌይን ኮዋልቺክ ግን ኮርቶባታል። «ቢሮ ውስጥ በማውስ አሳድጄ ስይዛት በሳቅ ፈረስኩ።»

«ሐሳቡ የእርስዎ ነው?»

«በረዶ ይዝነብ፣ አርማው ይተልቅ፣ ሙዚቃ ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ። ቅንጣቷን ያየኋት እሱ ሠርቶ ሲያመጣት ነው። ወደድኳት።»

«እሱ» የተባለው ድረ ገጽ ሠሪው ኮሊን ፕሩዶም ነው። ማሪት ቢሮው ስትደርስ በንዴት ጦፎ ጠበቃት።

«ድዌይንን ይያዙት እንጂ! አርማውን እናሳንስ ብለው እንቢ፤ ሙዚቃውን እንተው ብለው እንቢ። ‹ከፋዩ ማን ነው?› ይለኛል።»

«እንዲህ ካለ ሰው ጋር እንዴት ይሠራል?»

«መላ አለው» አለ ኮሊን ፈገግ ብሎ። «ደንበኛ አንድ ነገር ካላስጠፋ አለቃ የሆነ አይመስለውም። አንድ ጅል ነገር ትሠራለታለህ። እሱን ሲያስጠፋ ሌላውን አይነካብህም።»

ማሪት አመስግና ወጣች።

በማግሥቱ ሁሉንም አርቪድ ማድ ቤት ሰበሰበቻቸው። ቤቱ እስከዚያ እንደ በረደ እንዲቆይ፣ ማሞቂያው እንዳይጠገን ያደረገችው ራሷ ናት። ሊኒያ ለሮንዳ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

«ኮሊን፣ ጓንትህን አውልቅ» አለች ማሪት። ጣቶቹ እስኪቀሉ አስጠበቀችውና የሟቹን ታብሌት ሰጠችው። «በል ቁጥሩን አውጣ።»

ቅንጣቷ ከፈጣሪዋ ሸሸች። ደጋግሞ ሞከረ፤ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ሳታት።

«ሮንዳ እውነቷን ነው፣ አልደወሉም» አለች ማሪት። «የታብሌቱ መስታወት ከዳር እስከ ዳር የአርቪድ አሻራ ነው። ሲያሳድዷት ነበር። ታዲያ ቁጥሩን ማን ሸሸገው? ድዌይን ያዘዙት ነገር ሁሉ ያለ ፍላጎት፣ በግድ የተሠራ ነው፤ ሙዚቃው መሃል ላይ ይቆረጣል፣ አርማው ጠርዙ ተሸርፏል። ቅንጣቷ ብቻ በፍቅር ተሠርታለች። ኮሊን፣ እንዲያስጠፏት የሰጠሃቸው ጅል ነገር እሷ ናት። እሳቸው ግን ወደዷት።»

«ያጸደቀው እሱ አይደለም እንዴ?»

«እሳቸው ጅልነት መሆኑን አላወቁም። አንተ ታውቅ ነበር። ለምን ዝም አልክ?»

ኮሊን አቀረቀረ። «ስንት ወር ሙሉ አዋርዶኛል። በገዛ ገጹ ይሳቅበት፣ ይበለው አልኩ።»

ድዌይን ሊጮህ ብድግ አለ።

«እርስዎም ይቀመጡ» አለችው ሊኒያ። «እስኪ ይሞክሩት ብለው ለአንድ ሽማግሌ እንኳ አላሳዩም።» ወደ ኮሊን ዞረች። «አሁኑኑ አጥፋት።»

ኮሊን ላፕቶፑን ከፈተ። ጥቂት ነካካና ቁጥሩ ከገጹ አናት ላይ ጎልቶ ተቀመጠ።

«ይኸው ነው?» አለች ሊኒያ። «ይህችን ታክል ሥራ ናት?»

ታብሌቱን ከኮሊን ፊት አንሥታ ቁጥሩን አየችና በአባቷ ስልክ ደወለች። ጠረጴዛው ላይ የነበረው፣ የድርጅቱ ጥሪ የሚገባበት የሮንዳ ስልክ ጠራ።

ሮንዳ እንደ ልማዷ ወዲያው አነሣችው። «ማሞቂያ ጥገና፣ ምን ልታዘዝ?»

ሊኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት።

«የአባቴ ቤት በርዷል» አለች። «እባክሽ ሰው ላኪልን።»