ሉየን ቦዩን በዋና ስትሻገር

ለመሆኑ አምና በአዲስ ዓመት «ዘንድሮስ አደርገዋለሁ» ያላችሁት ነገር አሁን የት ነው ያለው? እኛ በሜኮንግ ቦይ ዳር የምንኖር ሰዎች መልሱ አይቸግረንም፤ ግድግዳችን ላይ ነው። አዲስ ዓመታችን የሚከበርበት የቴት በዓል ሲደርስ ገበያ ወርደን ብሩሽና ጥቁር ቀለም ይዘው ከሚቀመጡት ሽማግሌ ጸሐፊ ፊት እንሰለፋለን። አንዱ «ጽናት» ያስጽፋል፣ ሌላው «ስኬት»። ቃሏን በቀይ ወረቀት ይዘን እንገባለን፣ እንሰቅላለን፣ እንግዳ ያደንቅልናል። በቃ፣ ሥራው ያለቀ ይመስለናል። ይህ ስንፍና ነው! በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ያጌጠ ስንፍና!

ጎረቤቴ ሉየን ከጀልባዋ ላይ የሩዝ ኑድል ሾርባ ትሸጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ላይ ኖራ ዋና አታውቅም ነበር፤ ከመንደራችን ሴቶችም የሚበዙት አያውቁም። ግድግዳዋ ላይ «ድፍረት» የሚል ቃል ተሰቅሏል። በሙላት ወቅት ትንሿ ልጇ ታም ከጀልባው ጫፍ ተንሸራታ ስትወድቅ ግን፣ እናት መቅዘፊያዋን እንደያዘች ከመጮህ በቀር ምንም ማድረግ አልቻለችም። ልጅቱን በፀጉሯ ጎትቶ ያወጣት በአጠገባቸው ያልፍ የነበረ አናናስ ሻጭ ነው።

በተከታዩ ቴት ሉየን ገበያ ወረደች። እኔም ከኋላዋ ተሰልፌ ነበር።

«ምን ልጻፍልሽ ልጄ?» አሏት ጸሐፊው።

«'ሙላቱ ሳይመጣ ከደጄ ተነስቼ ማዶ እስካለው የሩዝ ወፍጮ እዋኛለሁ' ብለው ይጻፉልኝ።»

ሽማግሌው ብሩሻቸውን አስቀመጡ። «ይሄ የበዓል ምኞት ነው ወይስ የጀልባ መስመር?»

ሰልፉ በሳቅ ፈነዳ። ከሁሉም አብልጦ የሳቀው የመንደራችን ሹም ኮይ ነበር።

«እህት ሉየን፣ ምነው የመመለሻውንም አላስጻፍሽ! ሰው 'ስኬት' ብሎ ይሰቅላል፤ ባይሳካለት ማን ያውቅበታል? አንቺ ግን ካቃተሽ የመንደር መሳቂያ ነው የምትሆኚው።»

«ታዲያ ለዚሁ አይደል ወንድም ኮይ? የምደበቅበት እንዳይኖረኝ ብዬ ነው።»

ቦታና ጊዜ ያለው፣ ማንም አይቶ «ሆነ» ወይም «አልሆነም» ሊለው የሚችል ነገር፦ ግብ ማለት ይህ ነው! የቀረው ጌጥ ነው።

ሉየን ወረቀቱን ሰቅላ አልተቀመጠችም። በየቀኑ ከባሕሩ ጋር የሚወጣና የሚወርደው ውሃ ቆም በሚልበት ሰዓት፣ እንዲያንሳፍፋት የሙዝ ግንድ አቅፋ ቦዩ ውስጥ ትገባለች። ወገቧ ላይ ገመድ ታስሯል፤ ጫፉን ባሏ ታክ ይዞታል።

«ያዘኝ እንጂ!» ትጮኻለች።

«ይዤሻለሁ! አሁን ግንዱን ልቀቂው። ባልሽ እሱ ነው ወይስ እኔ?»

ዝናቡ ሲጀምር ተሸነፈች። ውሃ ዋጠች፣ ሳለች፣ ማዶውን ባየች ቁጥር ወደ ዳር ትመለስ ጀመር። ለሳምንት ያህል ቦዩን ሳትነካ ቀረች። ያኔ ሁላችንም የምናደርገውን ማድረግ ትችል ነበር፤ ወረቀቱን አውርዶ መርሳት። እሷ ግን ወረቀቱን ሳትነካ መንገዱን ቆራረሰችው። ታክ ከደጃቸው ጀምሮ በዳርቻው የቀርከሃ ምሰሶዎች ተከለላት። የሙዝ ግንዱን ሳትይዝ አንዱ ምሰሶ ጋ ስትደርስ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ማዶውን ማየት ተወች፤ የምታየው ቅርቧ ያለውን ቀርከሃ ብቻ ሆነ።

ገና ሙላቱ ሳይመጣ፣ ውሃው ደለል ይዞ መቅላት በጀመረ ሰሞን፣ አንድ እሑድ ጠዋት ገመዱን ፈታችው። ታክ ጀልባውን ይዞ በአጠገቧ ቀዘፈ። ሁለቱም ዳርቻ በሰው ተሞላ። ሉየን አንገቷን እንደ ራሰች ድመት አስግጋ፣ እያለከለከችና እየተንቦጫረቀች ዋኘች። ምንም ውበት አልነበረውም! መሃል ላይ ስትደርስ ክንዷ ዛለ።

«እማዬ፣ ነይ! ደርሰሻል!» ብላ ጮኸች ታም ከወፍጮው ደጅ።

መጣች። እጇ የወፍጮውን ደረጃ ሲጨብጥ የተነሳው ጩኸትና ጭብጨባ የመንደሩን ዳክዬ ሁሉ አስበረገገው። ትንፋሿ እንኳ ሳይመለስ ወደ ልጇ ዞረች። «ነገ ግንዱን የምታቅፊው አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ ሌሎች እናቶች የሙዝ ግንድ ሊለምኑ መጡ። ሙላቱ በደረሰ ጊዜ ታም እንደገና ከጀልባው ወደቀች። በራሷ ዋኝታ ወጣች፤ ያለቀሰችው ውሃው ለወሰደው ጫማዋ ነው!

ሹማችንስ? ይህን ሁሉ አይቶ በመንደሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሰፊ ቀይ ጨርቅ አሰቀለ፦ «የመንደራችን ልጆች ሁሉ ዋና ይችላሉ!» ከሥሩም ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሳ። ወንድም ኮይ፣ ከየትኛው ደጅ እስከ የትኛው ነው የሚዋኙት? ከየትኛው ቀን ጀምሮ? ገመዱን የሚይዘው ማን ነው? በየማለዳው ከእንቅልፋችን በምትቀሰቅስበት የመንደሩ ድምፅ ማጉያ፣ ስምህን ጠርተህ፣ ሁላችንም እየሰማን መልስ!