የሁለተኛው መቀመጫ ድንጋይ

ከአርብ ገበያ ብዙም በማትርቅ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቆረቆረች መንደር፣ አራት ዓመት ሙሉ ሳቅ ያልተሰማበት አንድ ቤት ነበር። አባወራው ይግዛው ይባላል። ነፍሰ ጡር ሚስቱን አልጣሽን ለእናቱ ለወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አደራ ሰጥቶ፣ ደብረ ዘይት አውሮፕላን ጠጋኝ ሆኖ ይሠራ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ፣ ዓመቱ ሃምሳ ስድስት ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ላይ አልጣሽን ምጥ ያዛት። ሁለት ቀን አማጠች፤ አልሆነም። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟት ወደ ንፋስ መውጫ ሐኪም ቤት ተነሣ። ከአፋፉ የሚያወርደው መንገድ ግን በቀኛዝማች ቢሻው አጥር ውስጥ ያልፋል፤ ዙሪያው የሁለት ቀን ጉዞ ነው። ቀኛዝማች ደግሞ በዚያች መሬት ከይግዛው ቤተሰብ ጋር ይካሰሱ ነበር። በሩን አልከፍትም አሉ። «በክርክር ላይ ያለ መሬት አይረገጥም። ሕግ ነው» አሉ፣ ከአጥራቸው ማዶ ቆመው። ወለተ ጊዮርጊስ መሬት ስማ ለመነች። አልጣሽ እዚያው አጥር ሥር ሴት ልጅ ወለደች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ… የልጇን ፊት በቅጡ ሳታይ አረፈች። እንዲህስ ልብ ይጨክናል? ይጨክናል እንጂ። ሬሳዋ እንኳ በዚያ በር አላለፈም፤ በመጣበት ተመለሰ።

ይግዛው መርዶው ሦስት ወር ዘግይቶ ደረሰው። ሥራውን ጥሎ መጣ። ሕፃኗን ውብነሽን ታቅፎ፣ «ይህች በምን ኖረች?» ብሎ እናቱን ጠየቀ። ወለተ ጊዮርጊስ ዓይኗን ሰበረች። «በላም ወተት» አለችው። እሱም ሌላ አልጠየቀም። በአልጣሽ መቃብር ላይ ቆሞ፣ ከቢሻው ቤት የመጣ ውኃ እንኳ እንደማይቀምስ፣ መንገዳቸውን ሳይረግጥ ከዚያ አፋፍ እንደሚወርድ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቢሻው ራሳቸው መንገድ እንደሚለምኑት ማለ። ያቺን ቀን ሳያይ እንዳይሞት ብቻ ነበር ጸሎቱ።

በዓመቱ ከደብረ ታቦር በዙሪያው መንገድ አሥራ አንድ በቅሎ ሣጥን ተጭኖ መጣ። ማብረር ያስተማረው ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት፣ ተፈታትቶ የታሸገ፣ ባለቤቱ ራሱ ገጣጥሞ የሚያበረው ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ነው። ይግዛው አውድማው ላይ ዳስ ጥሎ ሥራውን ጀመረ። ስስ እንጨቱን እንደ ጎድን አጥንት ደረደረ፣ በሙጫ አጣበቀ፣ ክንፉን ሸራ አለበሰ። ስፌቱን የሰፋችው እናቱ ናት። ሸራው ቀለም ጠጥቶ ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይጮህ ነበር። የመንደሩ ሰው አበደ አለ። ቄስ ሞላ ጠበል ይዘው መጥተው ፊቱን ደኅና አድርገው ረጩት፤ የሚሽከረከረውን ነገር ግን ከሩቅ ነው የረጩት። ይግዛው ምስማር በመታ ቁጥር የሚያስበው ስለ ሰማይ አልነበረም፤ ስለዚያ በር ነበር።

በስድሳ ዓመተ ምሕረት፣ አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው ሲራቆት፣ አውሮፕላኑ ተነሣ። ብቻውን ሦስት ጊዜ በረረበት። ሦስቱንም ጊዜ በቢሻው ጣሪያ ላይ ዝቅ ብሎ አለፈ፤ ሣሩ ተነቃነቀ፣ ዶሮዎቻቸው ተበተኑ። የቀረው አንድ ሙከራ ነበር። ፈረንጁ የተወለት መጽሐፍ፣ በሁለተኛው መቀመጫ ሰው ከመቀመጡ በፊት የሰው ያህል ክብደት ተጭኖበት ይብረር ይላል። ለዚህም አንድ ስልቻ ገብስ አዘጋጀ።

ቀኑ አርብ ነው፤ ወለተ ጊዮርጊስ ውብነሽን አዝላ ገበያ ሄዳለች። ይግዛው ስልቻውን ሲያስር፣ ቀኛዝማች ቢሻው ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው፣ ጎንበስ ብለው አውድማው ላይ ደረሱ።

«ልጄ ይግዛው፣ ካሣነሽ ከረቡዕ ጀምራ ምጥ ላይ ናት» አሉ። ካሣነሽ አንዲት ልጃቸው ናት። «በቃሬዛ አትደርስም። በድዬሃለሁ። ስለ ቅዱስ ጊዮርጊስ ብለህ ይቅር በለኝና ይዘሃት ሂድ።»

ያቺ ቀን መጣች! ይግዛው ድንጋዩን ከማጅራታቸው አነሣላቸው። ሽማግሌው ይቅር የተባሉ መስሏቸው አለቀሱ፣ ጉልበቱን ሊስሙ ወደቁ። እሱ ግን ድንጋዩን ወስዶ በሁለተኛው መቀመጫ፣ በስልቻው ላይ አስቀምጦ በገመድ አሰረው።

«እዚህ ወንበር ላይ ከሰው በፊት ድንጋይ ነው የሚቀመጠው» አላቸው ረጋ ብሎ። «ሕግ ነው።»

ተነሣ። ድንጋዩን ከጎኑ አስቀምጦ በአፋፉ ላይ ዞረ። እንዴት ጣፈጠው! አራት ዓመት የበላው ምሬት ሁሉ በዚያች ሰዓት ማር ሆነለት። ገበያ የሄደችው እናቱ በመንገድ ላይ ነገሩን ሰምታ፣ የገዛችውን ጨው ጥላ፣ ልጅቷን እንዳዘለች ሮጣ አውድማው ላይ ደረሰች። ነጠላዋን ፈትታ አውለበለበች። ውረድ ማለቷ ነበር። ይግዛው ከላይ ሲያያት እልል ያለችለት መሰለው… ደስ እንዲላት ብሎ ሦስት ዙር ጨመረ።

ሲያርፍ እናቱ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«በዚያ ዓመት ላማችን ነጥፋ ነበር» አለችው።

«የምን ላም ነው እናቴ?»

«ይህችን ልጅ ሦስት ወር ያጠባቻት ካሣነሽ ናት። የራሷን ልጅ ከጡቷ አንሥታ ነው ያጠባቻት። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በጓሮ ትጠራኝ ነበር። ተቆጥተህ ስትመጣ ፈርቼህ ዋሸሁህ። የኔ ጥፋት ነው ልጄ።»

ይግዛው ገመዱን በጩቤ በጠሰ። ድንጋዩን ወረወረ፣ ስልቻውን ጣለ፣ አውሮፕላኑን አስነሥቶ በቢሻው የታጨደ ማሳ ላይ አረፈ። ያ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ካሣነሽን ደግፈው አስቀመጡለት። በመንገድ አንዴ ብቻ ዓይኗን ገለጠች። «ውብነሽ አደገች?» አለችው። «አደገችልሽ» አላት።

ደብረ ታቦር ሲደርሱ ሐኪሙ ወንድ ልጅ አወጣ፤ ካሣነሽን ግን ማትረፍ አልቻለም። «ሩብ ሰዓት ቀድማችሁ ቢሆን ኖሮ…» አለ። ሦስቱ ዙር የፈጀው ሩብ ሰዓት ነበር።

ከቀብሩ ማግሥት ጀምሮ ይግዛው ያንኑ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በየቀኑ በቢሻው ደጅ ይቆም ጀመር። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቀኛዝማች ከደጃቸው ተቀምጠው ያዩታል፤ ድንጋዩን አያነሡለትም። በአርባዋ ቀን ተነሥተው ወደ እሱ መጡ።

«ይህን በር ከእንግዲህ አልዘጋውም። የታመመ ያለው ሁሉ ይለፍበት» አሉ። «አንተን ግን ይቅር አልልህም። እኔን አልጣሽ ይቅር ሳትለኝ ሞታለች፤ እኔም ሳልልህ እሞታለሁ። ድንጋዩን ይዘህ ሂድ።»

ሄደ። ድንጋዩን በሁለተኛው መቀመጫ መልሶ አስቀመጠው፤ አውሮፕላኑም ዳግመኛ ከዚያ አውድማ አልተነሣም። የአገሩ ሰው የሁለቱን ሴቶች ነገር ዕጣ ነው ይላል። ዕጣ ነውን? አጥሩን የዘጋው የሰው እጅ ነው፤ ድንጋዩን ያሰረውም የሰው እጅ ነው። አልጣሽና ካሣነሽ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ጎን ለጎን ተቀብረዋል። ውብነሽ በሰንበት ለሁለቱም መቃብር አበባ ትወስዳለች፤ ሁለቱንም እናቴ ነው የምትላቸው።